ካሜራው ያላየው የሰሚራ ጎል

ጡረታ በወጣሁበት ቀን መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ኬክ ተቆረሰ፣ ጥሩ ጋቢ ተሸለምኩ፣ ከዚያ መጋረጃው ተጋረደና በሥራ ዘመኔ ከተሳተፍኩባቸው ዘጋቢ ፊልሞች አንዱ ታየ። የመረጡት መርካቶ አጠገብ ባለው አብነት ሜዳ ላይ ስለሚጫወቱ ልጃገረዶች የሠራነውን ነው። ይህ ፊልም ተሸልሟል፤ የሴቶች ቀን በመጣ ቁጥርም ይደገማል። ሲያልቅ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ዜና አንባቢ ዐይኗን በሶፍት ጠረገች። ቀጥሎ "ንግግር፣ ንግግር" ተባለና ማይክራፎን ሰጡኝ። "አመሰግናለሁ" ብዬ ተቀመጥኩ። አፌ ላይ የነበረው ነገር ለኬክ የሚሆን አልነበረም።

አሁን ቤቴ ነኝ። አለቃ የለኝም። ያን ዕለት የዋጥኩትን ላውጣው።

ስሜ አስካለ ነው፤ ሙያዬ ድምፅ መቅዳት። ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ካሜራ ያዥ እንዳለ ያውቃል፤ ድምፁ ግን ከምስሉ ጋር ተጣብቆ የሚመጣ ይመስለዋል። አይመጣም። አንድ ሰው ጫፉ ላይ ማይክራፎን የታሰረበትን ረጅም ዘንግ ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ፣ ሳያስል ሳያስነጥስ መቆም አለበት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ደሞዙ ያው የመንግሥት ደሞዝ ነው፤ የመስክ አበሉም ሰው ከረሳው በኋላ ነው የሚመጣው። ከሥራው የቀረልኝ ዛሬም ካፊያ በመጣ ቁጥር የሚጠዘጥዘኝ ትከሻዬ ነው።

የተቀጠርኩት በጽሕፈት ሠራተኛነት ነበር። የቃለ መጠይቅ ቅጂዎችን እየሰማሁ በጽሑፍ እገለብጣለሁ። አንድ ቀን የድምፅ ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ደምሰው ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው ቆሙ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ የላስቲክ ሶል ያለው ጫማ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ፤ ሲራመዱ አይሰሙም።

"'አልሰጡንም' ነው እንጂ 'አልሰጠንም' አይደለም ብለሽ ያረምሽው አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ጆሮሽ ደግ ነው። ክንድሽስ?"

በሳምንቱ ዘንጉን አስያዙኝ። ጋሼ ደምሰው አንድ ቦታ ስንደርስ ዕቃ አያወርዱም። መጀመሪያ ዝም ብለው ይቆማሉ። የት ነው ወፍጮ ያለው፣ ንፋሱ በየት በኩል ይመጣል፣ የትኛው በር ይንቋቋል፣ ሁሉን ሰምተው ሲጨርሱ ነው ሳጥን የሚከፈተው። ኬብል ለማንም አያስጠቀልሉም፤ ራሳቸው በተፈጥሮ ዙሩ ጠቅልለው ያስቀምጣሉ፤ በግድ የተጠማዘዘ ኬብል ውስጡ ይሰበራል ይላሉ። ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ሰዉን ሁሉ ዝም አሰኝተው የቦታውን ባዶ ድምፅ ይቀዳሉ። ሐረርም አርባ ምንጭም ስንሄድ እንደዚሁ ነው። ካሜራ ያዦቹ መኪና ውስጥ ገብተው ያጉረመርማሉ፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው እንደ ቆሙ ናቸው። ሙዚቃ አይወዱም ነበር ማለት አይደለም፤ "ማጀቢያ የሚያበዛ ሰው ድምፅ ሳይቀዳ የተመለሰ ሰው ነው" ይሉ ነበር።

አንድ ነገራቸውን አልረሳም። ጨዋታ በቀጥታ ልናስተላልፍ ስታዲየም ሄድን። እኔ ኬብል ተሸክሜያለሁ። በር ላይ የቆመው አስተባባሪ አየኝና "ሻይ አቅራቢዎች በኋላ በር ነው የሚገቡት" አለኝ። ባለሙያ ነኝ አልኩት። ሳቀ። ጋሼ ደምሰው የዕቃ ሳጥናቸውን መሬት አስቀምጠው ላዩ ላይ ተቀመጡበት።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይግቡ እንጂ፤ ሊጀመር ነው" አላቸው አስተባባሪው።

"ባለሙያዬ ውጭ ናት።"

"ጨዋታው ይጀመራል እኮ ነው የምልዎት።"

"ይጀመራ።"

ተጀመረ። አገር ያለ ድምፅ ተጫዋች ሲሮጥ ያያል። ስልክ ይደወላል፤ አለቆች ይጮኻሉ። በመጨረሻ ያው አስተባባሪ መጥቶ ኬብሉን ከትከሻዬ ተቀብሎ እየመራ አስገባኝ። ማታ መኪና ውስጥ ጋሼ ደምሰው "ኬብሉን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፤ እርጥብ መሬት ነክቷል" ብቻ ነው ያሉኝ።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። እኔ በቦታቸው ቀረሁ፤ አለቆችም ተፈራረቁብኝ። የዘጋቢ ፊልም ክፍሉን ለረጅም ጊዜ የመሩት አቶ መላኩ ናቸው። ሥራ አያውቁም ልል አልችልም፤ ያውቃሉ። ችግራቸው ፊልሙን ቢሯቸው ውስጥ ጨርሰውት መምጣታቸው ነበር። መስክ ስንወጣ የሚፈልጉት ቢሮ ያዩትን የሚመስል ሰው ነው። ከመሰለ ጥሩ። ካልመሰለ ያስመስሉታል።

የልጃገረዶቹን ፊልም ልንሠራ አብነት የሄድን ቀን ገና ፀሐይ አልወጣችም። ሜዳው ሣር የሚባል ነገር የለውም፤ አቧራና ጠጠር ነው። ልጆቹ ግን አሟሙቀው ጨርሰዋል። አሰልጣኛቸው ትዕግሥት ትባላለች፤ በልጅነቷ ከወንዶች ጋር ተጋፍታ የተጫወተች፣ አሁን መርካቶ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ናት። ለምን በዚህ ሰዓት እንደሚለማመዱ ጠየቅኳት።

"ሌላ ሰዓት የለንማ እትዬ። ከሥራ በኋላ ሜዳው የጤና ቡድኖች ነው።"

ጤና ቡድን ማለት ቦርጭ ለመቀነስ የሚጫወቱ ጎልማሶች ናቸው። ነጋዴ አለ፣ ደላላ አለ፣ ቢሮ የሚውልም አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በወረቀት ለልጃገረዶቹ የተሰጠ ሰዓት ነበር፤ እነዚያ ግን ቀድመው ይመጡና በሜዳው መካከል "እያሟሟቅን ነው" እያሉ ይሮጣሉ። ልጆቹ ጥግ ይዘው ይጠብቃሉ። ሲነጋ ተነሥቶ ከሠራ ልጅና ጠጅ ለማውረድ ከሚሮጥ ጎልማሳ ሜዳው የማን መሆን እንዳለበት የሚያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ከልጆቹ ሁሉ ዐይን የምትስበው ሰሚራ ነበረች። አጭር፣ ግራ እግረኛ፣ ሻሿን አጥብቃ ጠምጥማ የምትጫወት አጥቂ። ኳስ ስትቀበል ድምፁ ይለያል። ሌላው ሲያቆም "ጧ" ይላል፤ የእሷ እግር ላይ ኳስ ሲያርፍ በማዳመጫዬ አይሰማም ማለት ይቻላል። እናቷ እትዬ ዘሃራ ወደ ራጉኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ይቸረችራሉ። ሰሚራ ከልምምድ በኋላ አትክልት ተራ ሄዳ ትገዛላቸዋለች፣ በጋሪ አስጭና ትወስዳለች፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

አቶ መላኩ ይህን ሲሰሙ ዐይናቸው በራ። በማግሥቱ አትክልት ተራ ወረድን። መኪኖች እየተራገፉ ነው፤ ጋሪ የሚገፋው፣ የሚጠራው፣ የሚሳደበው ድብልቅልቁ ወጥቷል። አቶ መላኩ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አስመጡና ሰሚራን ጠሯት።

"ይህን ተሸክመሽ ከዚህ እስከዚያ ትሄጃለሽ።"

"እኔ አልሸከምም። በጋሪ ነው የሚሄደው" አለች።

"አውቃለሁ። ለፊልሙ ነው። ተመልካቹ ችግርሽን ማየት አለበት።"

"ችግሬ ጆንያ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ሜዳ።"

አቶ መላኩ ፈገግ አሉ፤ ሕፃን ልጅ ቀልድ እንደ ነገራቸው ነበር የወሰዱት። እኔ ዘንጉን አወረድኩና "አቶ መላኩ፣ ይህ እኮ የእሷ ሥራ አይደለም" አልኳቸው።

"አስካለ፣ አንቺ ድምፅሽን ያዢ" አሉኝ።

ሰሚራ ትዕግሥትን አየቻት። ትዕግሥት መሬት መሬት አየች፤ ፊልሙ ከወጣ ሜዳ ይሰጡናል ብላ ተስፋ አድርጋለች። ልጅቷ ጎንበስ አለች። ሁለት ተሸካሚዎች ጆንያውን አንሥተው ጫኑባት። አንደኛው ሽማግሌ "ኧረ ወገቧን ትሰብራላችሁ፣ ምን ዐይነት ሰዎች ናችሁ" አለ። እንደገና ይሁን ተባለ፤ ፀሐይዋ ፊቷ ላይ አላረፈችም። እንደገና ተሸከመች። ትንፋሿ በማዳመጫዬ ሲቆራረጥ እየሰማሁ ዘንጉን ከበላይዋ ይዤ ሄድኩ። የፊልሙ ፖስተር ላይ የወጣችው በዚያ ጆንያ ነው።

ወደ ሜዳው ስንመለስ የተመልካቹን ድምፅ መቅዳት ጀመርኩ። ሰው ማይክራፎን አጠገቡ ካልሆነ አይሰማም ብሎ ያስባል። የእኔ ማይክራፎን ግን ከጎሉ ኋላ ሆኖ ከሜዳው ማዶ የሚሳደበውን ለቅሞ ያመጣል። የሰማሁትን ልጻፈው፤ ሌላውን ግን መጻፍም ያሳፍራል። "ሽሮሽ አረረ፣ ሂጂ አውርጂ።" "ይቺማ ወንድ ናት፣ ተፈትሻ ትግባ።" "ሻሽሽን ጣይና እንይሽ።" "በዚህ እግር ማን ሊያገባሽ ነው?" ከዚህም የባሰ አለ፤ ሰውነታቸውን እየጠሩ የሚናገሩት፤ ልጆቹ እኮ ተማሪዎች ናቸው። ተሳዳቢው ዱርዬ ብቻ አልነበረም። አብዛኞቹ ሜዳ ለመረከብ ቆመው የሚጠብቁት የተከበሩት ጎልማሶች ናቸው። በየቤታቸው ሴት ልጅ አላቸው።

"ለምን አትመልሱላቸውም?" አልኳት ትዕግሥትን።

"ብንመልስ ስድ ናቸው ብለው ሜዳውን ያስነጥቁናል። ዝም ስንል ደግሞ ደስ ብሏቸው ነው ይላሉ።"

የፊተኛዋ በረኛቸው ከቡድኑ የወጣችው በዚህ ነው። ወንድሟ በዚያ ሲያልፍ ስድቡን ሰማ። ከተሳዳቢው ጋር አልተጣላም። እህቱን ጎትቶ ወሰደና ሁለተኛ እንዳትመለስ አደረጋት። እንዲህ ነው አሠራራችን፤ የተሰደበችው ትቀጣለች፣ ሰዳቢው ሜዳውን ይረከባል።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል የሰፈሩ ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ሰው ሜዳውን ዙሪያውን ሞላው። እትዬ ዘሃራ ጉሊታቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ መጡ፤ የሻሻቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው መስመሩ ዳር ቆሙ። አቶ መላኩ ካሜራ ያዡን "እናትየዋን እንዳትለቃት" አሉት። የነበረን ካሜራ ያ አንድ ብቻ ነው።

ጨዋታው አቻ እንደ ሆነ ወደ መገባደጃው ሄደ። ኳስ ከማዕዘን ተሻማችና ተመልሳ ወጣች። ትዕግሥት "ሰሚ፣ በግራሽ" ስትል ሰማኋት። ሰሚራ ኳሷን መሬት ሳትነካ አገኘቻት። ያ ምት እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ፤ አንድ ንጹሕ፣ ደረቅ ድምፅ፣ ከዚያ የመረቡ ሹክታ። ቀና ስል ኳሷ ከላይኛው ጥግ ወርዳ መሬት ላይ ትንከባለላለች። ከማዶ ያሉት ሰዳቢዎች ጸጥ አሉ። አንዱ ብቻ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ "ኧረ እባክሽ" አለ።

ወደ ካሜራ ያዡ ዞርኩ። ካሜራው እትዬ ዘሃራ ፊት ላይ ነው። እያለቀሱ ነበር።

"ጎሉን ይዘኸዋል?" አልኩት።

"እናትየዋን ነው የያዝኩት" አለ፤ ዐይኑን ሰበረ።

አቶ መላኩ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ጎልማ ሁልጊዜ ይገባል፤ እንዲህ ዐይነት እንባ ግን የት ይገኛል?" አሉኝ።

ከዚያ ወደ ቅንብር ክፍል ገባን። ስድቡ ያለበትን ቅጂ ለይቼ፣ አጽድቼ፣ ቦታ ቦታውን አስይዤ ሰጠሁ። ተመልሼ ስሰማው የለም። በምትኩ ዋሽንት ገብቷል። የጤና ቡድኖቹ መስመር ዳር ተደርድረው ይታያሉ፤ ተራኪው "ኅብረተሰቡም ከጎናቸው ቆሟል" ይላል። እውነት ነው፣ ከጎናቸው ቆመዋል፤ የሚሉትን ግን የምናውቀው እኛ ነን።

"አቶ መላኩ፣ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል። ምን እያሉ ነው ቢባል ምን እንላለን?"

"እያበረታቱ ነው እንላለን።"

"ልጆቹስ? ፊልሙን አያዩትም ወይ?"

"አስካለ፣ ይህን ድምፅ ብናወጣ ሰዎቹ ይከሱናል፣ ወረዳው ይቀየማል፣ ፊልሙም መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አንቺ የምትፈልጊው እንዲቀር ነው?"

ጽፌም አመለከትኩ፤ መልስ አልመጣም። ፊልሙ እንዳለ ተላለፈ። እትዬ ዘሃራ ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ሲያዩት፣ ፊታቸው በቴሌቪዥኑ ሞልቶ ወጣና ተራኪው "እናት በልጇ ዕጣ ፈንታ አምርራ ታለቅሳለች" አለ። ኋላ ሳገኛቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለዚሁ ነው።

"ልጄ፣ እኔ ያለቀስኩት እኮ ጎል ስላገባች ነው። እናንተ ምን ሆና ነው ያላችሁት?"



መርካቶ ደግሞ ስም ለማውጣት የሚቀድመው የለም። ሰሚራን "ጆንያዋ" አሏት። ኳስ የምታውቅ ልጅ ባደገችበት ሰፈር የሽንኩርት ተሸካሚ ሆና ቀረች፤ ያውም ተሸክማ በማታውቀው ሽንኩርት። ይህ ሁሉ ግን ከቀጠለው አይብስም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትዕግሥትና ሰሚራ መሥሪያ ቤታችን መጡ። ከክፍለ ሀገር አንድ የሴቶች ክለብ አጥቂ ይፈልጋል፤ ስለ ሰሚራ ሰምተው ስትጫወት የሚያሳይ ምስል ላኩልን ብለዋል። ትዕግሥት ፊቷ ፈክቷል። "እናንተ ጋ አይጠፋም ብለን ነው" አለችኝ።

ሦስታችን ቅንብር ክፍል ገብተን የተቀረጸውን ሁሉ አየን። ጆንያ አለ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ጆንያ አለ። እናቷ አሉ። ሰሚራ መስኮት ይዛ ተክዛ አለች፤ ያን መስኮት ያገኙላት አቶ መላኩ ናቸው። ጫማ ስታስር አለ። ስትሮጥ ያለው ከሩቅ ነው፤ ኳስ የያዘችበት ደግሞ እግሯ ብቻ ነው የሚታየው፣ የማን እግር እንደ ሆነ አይለይም። ያቺ ጎል የለችም። ስልክ ይዞ ሜዳ ከመጣው ሰው የቀረጸ እንዳለም አፈላለጉ፤ የተገኘው ስትወድቅ የሚያሳይ ነው፣ ሳቅ ያለበት።

ሰሚራ እስከ መጨረሻው አየች። ከዚያ "እትዬ አስካለ፣ እዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ ኳስ ተጫዋች መሆኔን የሚያውቅ ሰው አለ?" አለችኝ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሌላ ነገር ስላልነበረ ፊልሙን ላኩት። ክለቡ በጨዋነት መለሰ። ልጅቷ በጣም ታሳዝናለች፣ ግን ስትጫወት አላየናትም አሉ። ሌላ አጥቂ ወሰዱ።

አቶ መላኩ ቢሮ ገባሁ። አንድ ካሜራ ለአንድ ከሰዓት ይሰጠኝ፣ አንድ ጨዋታዋን ብቻ እንቅረጽላት አልኳቸው። በጀት የለም አሉ። እኔ በትርፍ ሰዓቴ፣ በራሴ ታክሲ እሄዳለሁ አልኩ። የቢሮ ንብረት ለግል ጉዳይ አይወጣም አሉ። ጀርባቸው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ያ ፊልም ሴቶችን ለማብቃት ላደረገው አስተዋጽኦ የተሰጣቸው የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል።

"ያ ታሪክ እኮ አልቋል አስካለ" አሉኝ።

"ልጅቷ ግን አላለቀችም" አልኳቸውና ወጣሁ። ከዚያ በኋላ እስክንለያይ ድረስ ከሥራ ጉዳይ በቀር አልተነጋገርንም።

ሰሚራ ትልቅ ክለብ ሳትገባ ዕድሜዋ አለፈ። በየዓመቱ የሚመለምል ይመጣል፣ በየዓመቱ ደግሞ የሚያስተዋውቀው ሰው ያለው ይሄዳል። እሷ ግን ከሜዳው አልራቀችም። የአሰልጣኝነት ሥልጠና ወሰደችና ከትዕግሥት ጋር ታናናሾቹን ታሠለጥናለች። ከብዙ ክርክር በኋላ ልጃገረዶቹ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ተሰጥቷቸዋል። የጤና ቡድኖቹ አሁንም ቀድመው ይመጣሉ፤ ቦርጫቸውም አልቀነሰም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ባለፈው ጊዜ ከአንድ ጣቢያ ቀረጻ መጣ። ጋዜጠኛው ወጣት ነው፤ ጫማው አዲስ ነው። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ከሁሉም ትንሿን ልጅ ወደ ጎን ጠራትና ማይክራፎኑን አፏ ላይ ደቀነባት።

"እስቲ ያሳለፍሽውን መከራ ንገሪን።"

ልጅቷ ማልያዋን ታሻለች። ሰሚራ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች፤ ልጅቷን በትከሻዋ ይዛ ወደ ሜዳው መለሰቻት።

"ጨዋታ ላይ ነች" አለችው።

"ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው እኮ። ታሪኳን ፈልገን ነው።"

"ታሪኳ አሁን ይጀመራል። ከጎሉ ኋላ ቁሙና ቅረጹ። ሲያልቅ፣ መናገር የፈለገች ልጅ ካለች ታናግራችኋለች።"

"እስኪያልቅ መጠበቅ አንችልም፣ ሌላ ቀረጻ አለብን።"

"እንግዲያው መምጣት አልነበረባችሁም።"

ጋዜጠኛው ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን አየና ዐይኑ እኔ ላይ አረፈ። የአንዷ እናት መሰልኩት መሰለኝ። "እናት፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት" አለኝ።

"ልጄ፣ ብትሰማት ይሻልሃል" አልኩት። "በግራ በኩል ቁም። ከዚያ ነው የሚያገቡት።"

ጋዜጠኛው ሰዓቱን አየ። ካሜራ ያዡ ግን አልጠበቀውም፤ ካሜራውን ከነባለሦስት እግር ማስቆሚያው ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ጎሉ ሄደና ከመረቡ ኋላ ተከለው። ሰሚራ እስኪያመቻች ቆማ ጠበቀችው። ከዚያ ፊሽካዋን ነፋች።